በበግ የተለወጠው ቀፎ

መጨረሻ ላይ የምትሰሙትን ተረትና ምሳሌ የማያውቅ የለም፤ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁና ግን ጉድ ስሙ። የጎጃም ሰው የእኛ ነው ይላል፤ የመንዝ ሰው ደግሞ አያቱ ሲናገሩት በጆሮው እንደሰማ ይምላል። የሐይቅ ከተማ ሰዎች ክርክር አያውቁም፤ መነሻው የይመር አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው ብለው ቁርጡን ይነግሯችኋል። እኔም የእነሱን አምኛለሁ፤ ያለዚያ ማን ዓሣ ያበላኛል?

ይመር ዓሣ ከሐይቁ እየተረከበ በየማለዳው ደሴ የሚያደርስ ነጋዴ ነበር። ዓሣ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ፀሐይ ከቀደመችህ ይሸታል። ይመር ፀሐይን የሚቀድመው በአንዲት ጣሊያን ሠራሽ ሞተር ብስክሌት ነው። ሠላሳ ዓመት አብራው ስለኖረች ሰው ሁሉ «አሮጊቷ» ይላታል። አባብሎ ሲያስነሳት ሰፈሩን በሙሉ ትቀሰቅሳለች። ሚስቱ ዘሀራ «እኔን እንዲህ አባብለኸኝ አታውቅም» እያለች ትተርበው ነበር፤ እውነቷን ነው።

አንድ ቀን ከደሴ ሲመለስ የአሮጊቷ ካቴና ተበጠሰና ተወርውሮ ሞተሩን ያቀፈውን የአሉሚኒየም ቀፎ ሰነጠቀው። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ይመር ስንጥቁን በልብስ ሳሙና ደፍኖ፣ ከመንገደኛ ዘይት ለምኖ ሊነዳ ሞከረ፤ ሞተሩ ሲግል ሳሙናው ሟሟና አሮጊቷ አረፋ እየደፈቀች ከተማ ገባች። በያጅ ተጠራ። እሱም እሳቱን ቢያስጠጋው ያረጀው አሉሚኒየም እንደ ቅቤ ቀለጠና ስንጥቅ የነበረው ቀዳዳ ሆነ።

«ይመር ወንድሜ፣» አለ መካኒኩ ሁሴን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይኼ ከእንግዲህ የዶሮ ውሃ ማጠጫ ነው። ሌላ ቀፎ ፈልግ።»

«ከየት አባቴ? የሠሯት ሰዎች እንኳ ረስተዋታል!»

«ጎረቤትህ አስረስ ጓሮ እህቷ ወድቃ የለም እንዴ?»

እውነትም ወድቃለች። የአስረስ ሞተር ብስክሌት ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ዶሮዎች ኮርቻዋ ላይ እንቁላል ይታቀፋሉ። ቀፎዋን ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። አስረስ የይመርን ጭንቀት ሲያይ ዓይኑ በራ። «ፋሲካ ደርሷል፤ ያን የምትቀልበውን በግ አምጣና ቀፎውን ፈተህ ውሰድ» አለው። በጉ ለአረፋ የታሰበ ነበር። ግን ዓሣው እየሸተተ፣ ደንበኛው እየራቀ ምን ይደረግ? ይመር በጉን ጎትቶ አስረከበ። ተጨባብጠው፣ ሁለቱም በየሆዳቸው «አተረፍኩበት!» እያሉ ተለያዩ።

ሁሴን ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። አሮጊቷ በአንድ እርግጫ ተነሳች። ይመር ደስታው እንባ ሆኖ መጣበትና ጭሱ ነው ብሎ አሳበበ።

ጣጣው የመጣው ዓመታዊ ምርመራ የደረሰ ዕለት ነው። ደሴ ላይ መርማሪው ጎንበስ ብሎ ቀፎውን ጠረገና እዚያ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከባለቤትነት ደብተሩ፣ ከሊብሬው ጋር አስተያየ።

«አባቴ፣ ይህ ሞተር የእርስዎ አይደለም።»

«ሠላሳ ዓመት የነዳሁት?»

«ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ መሸጡን ፈርሞ ይስጥዎት፤ እስከዚያ መንዳት አይችሉም።»

ቀፎ ሲለወጥ ቁጥሩም አብሮ እንደሚለወጥ ይመርም ሁሴንም አላሰቡትም ነበር። ይመር በአይሱዙ ተመልሶ አስረስን «አንዲት ፊርማ ብቻ» ብሎ ለመነው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያላሰበውን ሰው አሳሰበው። አስረስ ሳጥኑን ሲበረብር ውሎ የራሱን አሮጌ ሊብሬ አገኘ፤ በማግስቱ የድሮ ሄልሜቱን አጥልቆ የይመር ደጅ ላይ ተገተረ።

«ምን ፈለግህ ጃል?»

«ሞተሬን ነዋ! ቁጥሯ ሊብሬዬ ላይ አለ። መንግሥት የአስረስ ናት ብሎ ጽፏል፤ አንተ ማን ነህ?»

ይመር ክው አለ። አሮጊቷ ከሄደች ዓሣውም ሄደ፣ እንጀራውም ሄደ። ያን ቀን እህል ሳይቀምስ ዋለ። በመጨረሻ ዘሀራ ናት ነጠላዋን አጣፍታ ሼህ አራጋውን የጠራቻቸው፤ እሳቸው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ የሐይቅን ሰው ሁሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው።

ሼሁ ሁሴን ጋራዥ መጥተው የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ሥራ ያለውም የሌለውም ከቧቸው ቆመ።

«አስረስ፣ ቀፎውን ሸጠሃል?»

«ሸጫለሁ አባቴ። በጉንም በልቻለሁ፤ አልዋሽም።»

«ቁጥሩንስ?»

«ቁጥሩን አልሸጥኩም።»

«የት ነው ያለው ቁጥሩ?»

«እ... ቀፎው ላይ።»

ሰው ሳቀ፤ ሼሁ አልሳቁም። «ደግ! ያልሸጥከው ይመለስልህ። ሁሴን፣ ቀፎውን ፍታና ስጠው። ሻንሲው፣ ጎማው፣ ኮርቻው የይመር ነው፤ የሻንሲው ቁጥር እሱ ሊብሬ ላይ ተጽፏል። አስረስ፣ አንተም በጉን መልስ።»

«አባቴ፣ በጉ እኮ ተበልቷል!»

«የሸጡትን ማስመለስ ከተቻለ የበሉትን መመለስ ምን ይከብዳል?»

ሁሴን መፍቻውን አነሳ። ይመር ዓይኑን ጨፈነ፤ ይህ ቀፎ ከወጣ ሌላ ከየትም እንደማይገኝ ያውቃል። የመጀመሪያው ብሎን ሲላላ ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ የአስረስ ሚስት እንጉዳይ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወጣች።

«አንተ ሰውዬ! የምን በግ ነው የምትመልሰው? ከእሱ የቀረኝ አጎዛው ብቻ ነው! ዶሮዎቼን ሸጠህ በግ ልትገዛ? ከዚያ ባዶ ቀፎ ታቅፈህ ልትገባ? ፈርምለት ብዬሃለሁ!»

አስረስ ቀፎውን አየ፤ የሚንጠባጠበውን ዘይት አየ፤ ሚስቱን አየ። ሄልሜቱን አወለቀና መሸጡን ፈረመ። ይመር ሁሴንን ሳይጠብቅ ብሎኑን በገዛ እጁ አጠበቀ። ቢረግጣት አሮጊቷ ጋራዡን አንቀጠቀጠችው፤ ሕዝቡ እልል አለ፤ ይመርም በደስታ ብዛት አስረስን ራሱን አቅፎ ሳመው።

ሼህ አራጋው ግን ጭሱን በሻሻቸው ጫፍ እየመለሱ ተነሡና አንገቱን የደፋውን አስረስን ትከሻውን ይዘው፦ «ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አሉት።