ሐጂ ይብሬ ያጠቡት ወለል

ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይድረስ፤ በነቢዩም ላይ ሶላትና ሰላም ይውረድ። ዛሬ የማወጋችሁ በአንዲት የድሮ ከተማ ስለኖሩ ሽማግሌ ነው። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ወጉን ትታችሁ ዘመድ ትፈልጉባታላችሁ።

ሽማግሌው ሐጂ ይብሬ ይባላሉ። መተዳደሪያቸው የሰው ቤት ማጽዳት ነበር። ፊታችሁን አታኮሳትሩ፤ ስለ ጦሃራ፣ ስለ ንጽሕና፣ ሲሰበክ ራሳችሁን የምትነቀንቁት እናንተው አይደላችሁ?

ሐጂና አብረዋቸው የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች የነጋዴ ማደሪያዎችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። አንዱን ክፍል ያጠቡበትን ውሃ ወደ ሌላው አያሻግሩም፤ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አዲስ ውሃ እየቀዱ ያለቀልቃሉ። ሲያበቃ ሐጂ ይገቡና መስገጃ ሳያነጥፉ በባዶው ወለል ላይ ሁለት ረከዓ ይሰግዳሉ። ቁልፉን ለባለቤቱ የሚመልሱት ከዚያ በኋላ ነው። ግንባራቸውን ያላሳረፉበትን ቤት «ጸድቷል» ብለው አያውቁም።

አንድ ቀን ሸምሱ የሚባል ባለጸጋ መጣ። በገበያው ዙሪያ ያሉት ማደሪያዎች አብዛኞቹ የእሱ ናቸው፤ ሐጂ የሚያጸዱትም ጥቂቶቹን ነበር፤ እንጀራቸውም ከእነሱ ነው።

«ሐጂ፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉንም ማደሪያዎቼን ይያዙ» አለ። «መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ይቅጠሩ። ስግደቱን ግን አንዱ ቤት ላይ ይስገዱና ለሌሎቹም ይብቃ። እንግዳው የሚፈልገው ሐጂ ይብሬ ሰግደውበታል መባሉን ነው።»

«ሳልሰግድበት ሰግጄበታለሁ ልበል?»

«ማን ያያል?»

ሐጂ ሳቅ አሉ። «ምን እንደጠየቅከኝ ሰማኸው? ሥራውን ያላስተማርኩትን ሰው ቤትህ አላስገባም። ታገሰኝ፤ ሰው ሳፈራ እጨምራለሁ።»

«አልታገስም። ወይ ሁሉንም ይያዙ፣ ወይ ያሉትንም ይመልሱ።»

ሐጂ ቁልፎቹን ከወገባቸው ፈቱና ፊቱ አስቀመጡ። «እንካ። ሪዝቄ፣ የዕለት እንጀራዬ፣ አንተ ዘንድ አይደለም።»

ሸምሱ ሲወጣ ሙሚና በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ከሠራተኞቹ ሁሉ የቆየችው ናት። «ሐጂ፣ እርስዎስ ተናገሩ፤ ልጆቼ ምን ይብሉ?» አለቻቸው።

ከሸምሱ ዛቻ ይልቅ ይኸ አንጀታቸውን በላው። «ያለንን ተካፍለን እንበላለን፤ የኔም ድርሻ ካንቺ አይበልጥም» አሉ። «ልጆችሽን ግን በውሸት አላበላም። ከእንግዲህ ያጠብሽውን ቤት ራስሽ ስገጂበት።»

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄዱ፤ ሐጂም በቅሏቸውን ሸጡ። ሙሚናም በልብስ ሰፊዎችና በቅመም ሻጮች ጠባብ ሱቆች ውስጥ እያጠበች ትሰግድ ጀመር። ስታለቅስ አየኋት የሚል ሰው ነበር፤ እኔም አምነዋለሁ።

ሸምሱ ደግሞ ከመንገድ ባነሳቸው ሰዎች ሁሉንም ቤቶች ማስጠረግ ጀመረ፤ አንድ ባልዲ ውሃ ከክፍል ክፍል ይዞራል። በኋላ የእናቱንም ክፍል እነሱው አጠቡት። እናትየው አሮጊት ናቸው፤ ከቤት አይወጡም። ለሶላት ሲቀመጡ ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱና አሸተቱት።

«ልጄ፣ የሰው እድፍ አምጥተህ መስገጃዬ ላይ ደፋህብኝ» አሉ። «በየቤቱ የሚሰግዱትን እኒያን ሽማግሌ ጥራልኝ።»

ሸምሱ አንገቱን ደፍቶ ሐጂ ዘንድ ሄደ። «አውፍ ይበሉኝ። ማደሪያዎቹን ሁሉ ይውሰዱ፤ ሥራው እንዳሉት ይሁን።»

«የእናትህን ክፍል አሁኑኑ እናጥባለን። ማደሪያዎቹን ግን ሁሉንም አልወስድም።»

«አሁንም እምቢ?»

«አሁንም እምቢ። እኔና ሙሚና አለን፤ ሁለት ቤት ስጠን። ሌላ ሰው አስተምረን ለሥራው ስናበቃ ሌላ ቤት ትጨምራለህ። እኔ ቤት አልቆጥርም፤ የምቆጥረው ግንባር ነው።»

ክፍሉን ያጠበችው ሙሚና ናት። ስትጨርስ በባዶው ወለል ላይ ሰገደች፤ አሮጊቷም መስገጃቸውን ገፋ አድርገው አጠገቧ ሰገዱ። ሥራቸው ከዚያ ወዲህ አደገ፤ ግን አንድ ሰው በበቃ ቁጥር አንድ ቤት እየጨመረ ነው።

እኛስ? ሥራችን ሰፋ ለማለት እንቸኩላለን፤ ሠርተን የወጣንበትን ዞር ብለን አናይም። እስቲ ትናንት ያስረከባችሁትን ሥራ አስቡት፤ ግንባራችሁን ታሳርፉበታላችሁ? ካላሳረፋችሁበት፣ ሌላ ጨምሩ ሲሏችሁ እምቢ በሉ። እምቢ ማለት ያስርባል፤ አውቃለሁ። ሙሚናም ታውቅ ነበር፤ እየራባት ሰገደች።