ከቀብር በፊት የደረሰው እድር

አንድ ባለጠጋ በአንድ ሰፈር ጥግ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ተከለ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ "ሥራ መጣልን" ብሎ ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ ግን ፋብሪካው ያለ ማጣሪያ ጥቁር ጭስ ይለቅ ጀመር። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ እንዳለ ይጠቁራል፤ ሕፃናት ሲያስሉ ያድራሉ። እታለማሁ የምትባል እናት ልጇን አስም ያዘባትና ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙም፣ "ወይ ጭሱ ይጥፋ፣ ወይ እናንተ ሰፈሩን ልቀቁ፤ አለዚያ የልጅቷ ሳንባ አይችልም" አላት። ለቃ የት ትግባ? ከዚያች ቤት ሌላ የላትም።

ባለጠጋው ዘንድ ብቻዋን ብትሄድ ዘበኛው ከበር መለሳት። ስለዚህ ጉዳዩን ለእድሩ ስብሰባ አቀረበች።

አንዱ አባል፣ "እህቴ፣ እድር እኮ የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው" አላት።

"እንግዲያው ልጄ እስክትሞት ልጠብቅ?" አለች።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወንድይራድ ይህን ሲሰሙ ተነሡ። "ስንቀብር ኖረናል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳንቀብር እንድረስ እንጂ! እንከሳለን። ከቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ፣ ከችሎት የቀረም ይቀጣል" አሉ። ሁሉም ተስማማ።

የባለጠጋው ጠበቃ ብልጥ ነበር። ድሃ ቀጠሮ ይሰለቸዋል ብሎ አንዴ ታመምኩ፣ አንዴ ሰነድ አልደረሰልኝም እያለ ጉዳዩን አራዘመው። አይ ጠበቃ! ዝናብ እየወረደበት መቃብር አፍ ላይ የሚቆምን ሕዝብ በቀጠሮ ሊያሰለች? ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ችሎቱ በእድርተኛ ጢም ይል ነበር።

ጠበቃው ሲያቅተው ባለጠጋው ራሱ ወደ እድሩ መጣ። የእድሩ ድንኳን አርጅቶ እንደሚያፈስ ሰምቶ ኖሮ አዲስ ድንኳን በመኪና አስጭኗል። "ይህን ከነወንበሩ ላበርክትላችሁ፤ ክሱን ግን ተዉት" አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኑ ድንኳኑ ላይ የቀረ አባል አልጠፋም።

ጋሽ ወንድይራድ እጅ ነሥተው፣ "ጌታዬ፣ ለቀብራችን ማሰብዎ ደግ ነው። እኛ የከሰስነው ግን እንዳንቀበር ነው። ድንኳንዎን ይመልሱልን" አሉት።

በመጨረሻው ችሎት ጠበቃው፣ "የታመመችው የአንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ይህ ሁሉ ሰው ምን አገባው?" ሲል ተከራከረ። ጋሽ ወንድይራድም፣ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ በእኛ ሰፈር የአንዱ ሐዘን የሁሉ ነው። የአንዷ ልጅ ሳልም የሁላችን ነው" ብለው መለሱ። ፍርድ ቤቱም ማጣሪያ እስኪገጠም ድረስ ምድጃው እንዳይነድ አዘዘ።

ባለጠጋው እያጉረመረመ ማጣሪያውን ገጠመ። ፋብሪካው ሥራውን ቀጠለ፣ ሠራተኛውም እንጀራውን አላጣም፤ የእታለማሁም ልጅ እዚያው ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር ገመድ ትዘላለች። የዚያ እድር ሰዎች ዛሬ ደረታቸውን ነፍተው ቢሄዱ ማን ይፈርድባቸዋል?

ወገኔ፣ ለሞት አብሮ መቆምን የሚያውቅ ሕዝብ ለሕይወት የሚቆምበት ጉልበት በእጁ አለ። ጎድሎት የኖረው ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው። የእርስዎስ እድር ለመድረስ ሰው እስኪሞት ይጠብቃል?