ከአመዱ የራቀችው መምህርት

አንድ ጊዜ፣ ከሰል አክሳዮች ጥለውት ከሄዱት የአመድ ክምር አጠገብ፣ ቦራ የምትባል ግንባረ ነጭ አህያ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጇ ድንቡሼ ትባላለች። ከድንቡሼ በፊት የተወለዱትን ውርንጭሎች በሙሉ አያ ጅቦ በልቶባታል። የቀረቻት ይቺ አንዲት ብቻ ናት። ስለዚህ ቦራ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ ውሎዋም አዳሯም «ይቺን እንዴት ላሳድጋት» ነበር።

ለዚሁ ብላ አንድ ልማድ ይዛለች። ጎህ ሲቀድ አመዱ ላይ ትወጣለች። የፊት እግሮቿን ዘርግታ ወገቧን ዝቅ ታደርጋለች፤ ይህን ያየችው ከዱር ድመት ነው። ከዚያ ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ አንገቷን በቀኝ በግራ ታዞራለች፣ በመጨረሻም በጀርባዋ ተንጋላ እየተንከባለለች አጥንቷን ታፍታታለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንደገና ትመጣለች። የማታው ግን ቀስ ያለ ነው፤ ትንፋሿን በረጅሙ እየሳበች፣ በረጅሙ እየለቀቀች፣ የቀኑን ድካምና ፍርሃት ከላይዋ ታራግፋለች። ዛሬ ከተሜው ምንጣፍ አንጥፎ ዮጋ የሚለው እኮ ይኸው ነው! እሷ ግን ስም አላወጣችለትም። ድንቡሼም ከጎኗ ሆና ትንንሽ እግሮቿን ስታንፈራግጥ ቦራ እያየች ሆዷ ይባባል።

ጥቅሙን ልንገራችሁ? ቦራ አሮጊት ናት፣ ግን ስትራመድ ጉልበቷ አይንቋቋም። ተኝታ ስትነሣ ወገቧ አይያዝም። እንቅልፏ የሰላም ነው፤ ኮሽ ካለ ደግሞ ብድግ ነው። አንድ ማለዳ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ዘሎ ድንቡሼን ሲያባርራት፣ ቦራ ተፈናጥራ መሐል ገባችና በኋላ እግሮቿ መንጋጋው ላይ አሳረፈችበት። እሱ ተነሥቶ አቧራውን እስኪያራግፍ እናትና ልጅ ጉብታውን ተሻግረው ነበር።

«ወይኔ ጥርሴን!» እያለ አያ ጅቦ እንደ ልማዱ እያነከሰ ሲመለስ፣ ቀበሮ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችው። ሁለቱ አፍ ለአፍ ገጥመው ብዙ ሲንሾካሾኩ ቦራ ከሩቅ አየቻቸው። «ይንሾካሾኩ፤ እኔን ምን አገባኝ» ብላ ሣሯን መጋጥ ቀጠለች። አይ ቦራ! ያገባሽ ነበር እንጂ።

በማግስቱ ቀበሮ መጣች። እንደ ወትሮዋ «አንቺ አህያ» አላለችም። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣

«እንደምን አደሩ እትዬ ቦራ?» አለች።

የቦራ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። በዕድሜዋ ሙሉ «እርስዎ» ያላት አልነበረም።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው እንጂ ማንን ነው! ጌታችን አንበሳ ስለ እርስዎ ሰምተው ተደንቀዋል። ‹እኔን በጉልምስናዬ ወገቤን ይዞኝ፣ አንዲት አሮጊት እንዲያ ትዘላለች?› አሉ። አራዊቱን ሁሉ ጠዋትና ማታ እንዲያስተምሩ ሾመውዎታል። ከዛሬ ጀምሮ መምህርት ነዎት።»

«አያ ጅቦስ?»

«እሱም ይማራል። በትምህርት ሰዓት ማንም ማንንም እንዳይነካ ጌታችን አዘዋል። ደግሞስ ተማሪ የአስተማሪውን ልጅ ይበላል እንዴ? ምን ነካዎት!»

ነገሩ ቦራን ጣማት። «ጅቡ ተማሪዬ ከሆነ ልጄ ዳነች» ብላ አሰበች። ለምን እንዋሻለን፣ «መምህርት» የሚለው ቃልም ከገብስ በላይ ጣፍጧታል።

በመጀመሪያው ማለዳ አራዊቱ ተሰበሰቡ። ቦራ እንደ ልማዷ አመዱ ላይ ልትወጣ ስትል ቀበሮ ከፊቷ ተገተረች።

«ኧረ መምህርት! እርስዎ አመድ ላይ? ይኼ ሁሉ ተማሪ እያየ? ድንጋዩ ላይ ሆነው ይዘዙ እንጂ፤ መሥራቱ የተማሪ ነው።»

ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሣር ተጎዘጎዘላትና ጋደም አለች። ከሥሯ ዝንጀሮው፣ ከርከሮውና ሚዳቋዋ ተደርድረዋል። አያ ጅቦ ከኋላ ሆኖ ያቃስታል።

«አያ ጅቦ፣ ወገብ ዝቅ! ትንፋሽ ሳብ!»

«እሺ መምህርት... ኡፍፍ... ቀበሮ፣ አሁን ነው?»

«ገና ነው፤ ዝም ብለህ ሥራ» አለች ቀበሮ።

ቦራ ስለ ዕረፍት የሚጠይቅ መሰላትና ሳቀች። «አይዞህ አያ ጅቦ፣ ሰውነትህ እየተፍታታ ነው» ብላ አበረታታችው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ጭብጨባው አመዱን አቦነነው። ገብስ ቀረበላት። የማታውም እንዲሁ ሆነ። ድንቡሼ ድንጋዩ ሥር መጥታ አፍንጫዋን እናቷ ላይ አሻሸች።

«እማዬ፣ እኛስ መቼ ነው የምንንከባለለው?»

«ነገ፣ የኔ ቆንጆ። ዛሬ ደክሞኛል።»

ሲነጋ «ማታ» ትላታለች፤ ሲመሽ «ነገ»። እንዲህ እንዲህ እያሉ ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ። የቦራ ሆድ ተነፋ፣ ወገቧ ተያዘ፣ ከድንጋዩ ስትወርድ ጉልበቷ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። እንቅልፍም ጠፋ፤ «ነገ ምን ብዬ ላስደንቃቸው» እያለች ስትገላበጥ ነው የምታድረው። ድንቡሼ ብቻዋን ጥቂት ሞከረችና ተወችው። እናቷ ያልሠራችውን እሷ ለምን ትሥራ?

አያ ጅቦ ግን፣ ያ ደነዝ፣ የታዘዘውን ከማድረግ ሌላ ስለማያውቅ አንድም ቀን አላጓደለም። ጠዋትም ማታም ወገቡን ይዘረጋል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ «አሁን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «ገና» ሲባል ምራቁን ውጦ ይቀጥላል። ማነከሱ እንኳ ለቀቀው። ቦራም በሱ ትኮራ ነበር። «እዩት፣ እኔ ያቃናሁት ነው!» ትል ነበር ለመጣው ለሄደው።

አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ የማታው ትምህርት አልቆ ተማሪዎቹ ሊበታተኑ ሲሉ፣ አያ ጅቦ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«ቀበሮ፣ አሁን ነው?»

ቀበሮ ቦራን ከእግር እስከ ጆሮ አየቻት።

«አሁን ነው» አለች።

ቦራ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። «ድንቡሼ! ሩጪ!» ብላ ጮኸችና ከድንጋዩ ዘለለች። መዝለል ከተባለ ነው፤ ወገቧ እንቢ አለ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ በግንባሯ ተደፋች። እንደምንም ተነሥታ ጥቂት ሮጠች። ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። እንደገና ወደቀች።

«አስጥሉኝ! እባካችሁ ልጄን አስጥሉኝ!»

ዝንጀሮው ቀና ብሎ ሰማይ ሰማዩን አየ። ከርከሮው ቤቱ ሥራ እንዳለው ትዝ አለው። አያ ጅቦ ያስተማረችውን ወገብ እየዘረጋ፣ ያስተማረችውን ትንፋሽ እየሳበ፣ ጉብታውን በአንድ ትንፋሽ ወጣው። ድንቡሼ «እማዬ!» አለች። ከዚያ በኋላ ድምጿ አልተሰማም።

ሲመለስ አያ ጅቦ አፉን እየላሰ ቦራ ፊት ቆመ።

«እግዜር ይስጥዎት መምህርት» አለ። «ድሮ እዚያ ጉብታ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያልቅ ነበር። ዛሬ ጭራሽ አልደከመኝም!»

እያሾፈባት አልነበረም። ሞኙ ከልቡ ነው ያመሰገናት።

ቦራ እያነከሰች አንበሳ ዘንድ አቤት አለች። አንበሳ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ወገቡን እያፍታታ ሰማት። «ትምህርቱ አልቆ ነበር አሉ» አለ። «በትምህርት ሰዓት ቢሆን ኖሮ እቀጣው ነበር። በይ አይዞሽ።»

ለቅሶ ለመድረስ ከሁሉ የቀደመችው ቀበሮ ናት። ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ ከአፏ ግን ሥጋ ሥጋ ይሸታል። እንባዋን ጠረገችና ጠጋ አለች።

«እግዜር ያጥናዎት መምህርት፣ ምን ይደረግ! ነገ ጠዋት ግን ተማሪዎቹ ይጠብቁዎታል። አደራ፣ እንዳይቀሩ።»

«ሂጂ ከፊቴ!» አለች ቦራ። «መምህርት አትበይኝ። አህያ በይኝ! አህያ ሳለሁ ልጅ ነበረችኝ።»

ሲነጋ ቦራ ብቻዋን ወደ አመዱ ሄደች። ጉልበቷ እየተንቋቋ የፊት እግሮቿን ዘረጋች። ድንቡሼ ትንከባለልበት የነበረችው ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ እዚያው አለች፤ ነፋስ ግማሿን ሞልቷታል። እሷን ሳትነካ ከጎኗ ተንከባለለች። ማታም ተመልሳ መጣች፣ በማግስቱም እንዲሁ። ወገቧ ቀስ በቀስ ለቀቃት፣ እግሯም እንደ ድሮው ይሮጥላት ጀመር። ማንን ለማዳን እንደምትሮጥ ግን አታውቅም ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ እኛንና ልጆቻችንን በሕይወት ያቆየንን የጠዋትና የማታ ልማድ ለሌላው እያዘዝን ለራሳችን ከተውነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ያ ሁሉ ጭብጨባ ተነሥቶ የማይሮጥልን መሆኑን ነው።