ገደሉን ማን ተሻገረ?

አንድ በሰፈሩ ጌም ቤት የሚያሸንፈው ያጣ ወጣት ነበር። ስሙ ሚልኪያስ ነው። ጆይስቲክ ሲይዝ ሰው ከኋላው ይሰበሰባል፤ ከፍለው የሚጫወቱት እንኳ የራሳቸውን ትተው የእሱን ያያሉ። ስለዚህ የቪዲዮ ጌም የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ለሙከራ ጊዜ ሲቀጥረው ማንም አልተገረመም። "ቀኑን ሙሉ እየተጫወተ ደመወዝ ሊበላ ነው" ተባለ። እሱም ያሰበው ይህንኑ ነበር።

የተሰጠው ሥራ አንድ ገደል ነበር።

የድርጅቱ ኃላፊ ትርሲት ትባላለች። ወንበሩን አሳየችውና፣ "ጀግናው ሮጦ ይመጣል፣ ይዘላል፣ ማዶ ያርፋል። የአንተ ሥራ ዝላዩ ነው" አለችው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የሌላ ሰው ነው።"

ሚልኪያስ ገደሉን ሠራ። አፈረሰ። እንደገና ሠራ። ጀግናው ሲያርፍ አቧራው ይዘገያል፤ አቧራው ሲስተካከል እግሩ መሬት ውስጥ ይሰምጣል፤ እግሩ ሲስተካከል ጨዋታው በሙሉ ቀጥ ይላል። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለደስታ ብሎ የተጫወተው ጨዋታ የለም። ያችኑ አንድ ዝላይ ሲዘል ዋለ፣ ሰነበተ፣ ጣቶቹ ሳያስብ መዝለል ጀመሩ። ገደሉ ሲቀልለት አሰፋው። ሲለምደው ደግሞ አሰፋው። በመጨረሻ የሚያኮራ ገደል ሆነ።

ድርጅቱ አንድ ልማድ አለው። ሥራውን የጨረሰ ሰው ጨዋታውን ከድርጅቱ ውጭ ላለ እንግዳ ይሰጥና አጠገቡ ይቀመጣል። ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ያደርጋል። አይናገርም፣ አይጠቁምም።

"ወሩ ሳያልቅ አንድ እንግዳ ገደልህን ከተሻገረ ቋሚ ትሆናለህ" አለችው ትርሲት። "ካልሆነ እንሰነባበታለን።"

ሚልኪያስ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ድሮው ጌም ቤት ሄደ። ሽኩር የሚባል ፀጉር አስተካካይ፣ ደንበኛ እስኪመጣለት ብሎ ብቅ ያለ፣ እዚያ አገኘ። ጆይስቲኩን ሰጠውና እጆቹ ላይ ተቀመጠ።

ሽኩር ዘለለ፤ ወደቀ። ዘለለ፤ ወደቀ።

"አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ምሳ አልበላም እንዴ?" አለ ጀግናውን እያየ።

ቤቱ ሳቀ። ሽኩር ደግሞ ወደቀ። ሁልጊዜ ቁልፉን የሚጫነው ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ጀግናው ጫፉን ካለፈ በኋላ። የሚልኪያስ አውራ ጣት ከጭኑ ሥር ትዘላለች። በመጨረሻ አልቻለም። "አምጣው እስቲ!" ብሎ ጆይስቲኩን ነጠቀውና አንዴ ዘሎ ተሻገረ። ጌም ቤቱ አጨበጨበ። ድሮ የሚያውቀው ጭብጨባ ነበር፤ ለካ ናፍቆታል።

ሽኩር ተነሳ። "ጎበዝ ነህ፣ አየንህ" አለ። "ቆይ ግን፣ እኔን ለምን አስቀመጥከኝ?" ሄዶ የኳስ ጨዋታ ከፈተ።

ትርሲት ቢሮ ስትጠብቀው ነበር። "ተሻገረ?"

"ተሻገርኩለት።"

"እግዜር ይስጥህ። ጨዋታውን የገዛ ሰው ቤት ሁሉ እየሄድክ ልትሻገርለት ነዋ! የታክሲውን ማን ሊችልህ ነው?"

"ገደሉ እኮ ይቻላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሻገረዋለሁ።"

"እሱ እኮ ነው ችግሩ። የሠራኸው ለአንተ ጣቶች ነው።"

ሚልኪያስ ተናዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ንዴቱ ሲበርድ ጆይስቲኩን ገልብጦ ያዘው፤ ላዩ ወደ ታች፣ ታቹ ወደ ላይ። ጣቶቹ ቁልፎቹን አጡ። የሰፈሩ ንጉሥ ወደቀ። ደጋግሞ ወደቀ፤ ልክ እንደ ሽኩር፣ ትንሽ ዘግይቶ። ሲወድቅ የሚሰማውን ከረሳው ቆይቶ ነበር።

ገደሉን አላጠበበውም። ለዓይን እንደሚያስፈራ ተወው። ለዓይን የማይታይ አንድ ነገር ብቻ ጨመረበት፤ ጀግናው ጫፉን አልፎ እግሩ አየር ላይ ከሆነ በኋላም፣ ለቅጽበት ያህል፣ መሬት ላይ እንዳለ ይቆጠርለታል። የዘገየም ሰው ይዘላል።

ወደ ጌም ቤቱ ሲመለስ ሽኩር አየውና ፊቱን አዞረ። "ደሞ መጣህ? ዛሬም ራስህ ልትጫወት ነው?"

"አይ፣ ዛሬ እጄ ላይ ነው የምቀመጠው።"

ሽኩር ዘለለ፤ ወደቀ። ሰደበው፤ ጀግናውን ነው። እንደገና ዘለለ፤ እንደ ልማዱ ዘግይቶ። ማዶ አረፈ።

ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። "አያችሁኝ አይደል? አያችሁኝ?" ጌም ቤቱ አጨበጨበለት። ሽኩር ወደ ሚልኪያስ ዞረ። "ያን ቀን ባትነጥቀኝ ኖሮ ያኔውኑ እሻገረው ነበር። ሰው ሲጫወት ዝም ብለህ እይ እንጂ፣ ወንድሜ!"

ነገሩ የሚልኪያስ አፍ ላይ ደረሰ። ገደሉ ላይ ስለጨመራት ቅጽበት ሊነግረው ይችል ነበር። እጆቹ ከጭኑ ሥር ደንዝዘዋል።

"ልክ ነህ" አለው።

ቋሚ ሆነ። በማግስቱ ትርሲት ለጨዋታው የሚሠራው አንድ በር ሰጠችው፤ የሚከፈትና የሚዘጋ። ጌም ቤት መሄዱን አልተወም፤ ግን ሌላ ሰው የሠራውን ጨዋታ እንኳ ሲጫወት ዓይኑ ጀግናውን ትቶ ገደሉን ያያል። እንደ ድሮው መጫወት አልተመለሰለትም።

ጨዋታ መውደድና ጨዋታ መሥራት ለየቅል ናቸው። የሚጫወት ሰው የራሱን ድል ይፈልጋል። የሚሠራ ሰው ወራቱን የሚከፍለው ሌላው ሰው "እኔ ቻልኩ" እንዲል ነው፤ እዚያ ቃል ውስጥ ደግሞ የሠሪው ስም የለም። ይህን ሳያውቅ የገባበት ጭብጨባ ሲጠብቅ ይኖራል። ልጅ የሚያሳድግም፣ የሚያስተምርም፣ ሙያ የሚያስለምድም ሰው ያው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

እናንተስ? አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲዘልና ሲወድቅ፣ እጃችሁ የት ነው ያለው?