እልልታው ማን ዘንድ ነው?

ተረት ላውጋችሁ፤ «እሺ!» በሉኝ። እሺ ያላለ ከድግሱ አይቀምስም።

በደብረ ማርቆስ ውዳላት የምትባል ሙሽራ ነበረች። በሠርጓ ዕለት የፈለገችው አንድ እልልታ ብቻ ነው። የማንንም እልልታ አይደለም፤ የሟች እናቷን የወይዘሮ ዘርፌን። ወይዘሮ ዘርፌ በትልቋ ልጃቸው ሠርግ ላይ እልል ሲሉ አንድ ስቱዲዮ ቀርጿቸው ነበር። «እማዬ እልል ሳትል ከዚህ ወንበር አልነሣም!» አለች ውዳላት። ሙሽራው በር ላይ ቆሟል፤ ሚዜዎቹ ዘፍነው ዘፍነው ጉሮሯቸው ደርቋል።

የስቱዲዮው ድምፅ ሠራተኛ ሙሉሰው የሁሉም ሠራተኛ ፎልደር ያለበትን የስቱዲዮውን ዲስክ ላፕቶፑ ላይ ሰካና «ምን ችግር አለ፣ እኔ ዘንድ አለ» አለ። ትናንት ሞክሮት ቢሆን ኖሮ! ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነበትና ዛሬ ነካው። ለካ የሱ ፋይል ፋይል አይደለም፤ ጠቋሚ ነው። በኮምፒዩተሩ የትእዛዝ መስመር ላይ «ኤል ኤን» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈው «ኤስ» ሲጨምሩበት ዕቃው አይመጣም፤ «እዚያ ሂድ» የሚል ስም ብቻ ይፈጠራል። የሙሉሰውም «ትርንጎ ዘንድ ሂድ» አለው። ፋይሉ አልከፈትም አለ፣ ስፒከሩ አልጮኽም አለ፣ ሙሽራዋ አልነሣም አለች።

ሙሉሰው ለቪዲዮ አቀናባሪዋ ለትርንጎ ደወለ። «ትርንጎዬ፣ እልልታው ያንቺ ፎልደር ውስጥ አለ? የኔ አልከፈትም አለ፣ ስፒከሩ አልጮኽም አለ፣ ሙሽራዋ አልነሣም አለች።»

«እኔማ ቦታ እንዳይፈጅብኝ ወደ ስንሻው ጠቆምኩ እንጂ መች ቀዳሁት?» አለች።

ስንሻው የስቱዲዮው ካሜራ ሰው ነው፤ እሱም ሌላ ሠርግ ላይ ነበርና ሙሉሰው ሲደውልለት አፉ ሙሉ ሆኖ ስልኩን አነሣ። «ስንሻው፣ በናትህ! የትርንጎ ወዳንተ አለኝ፣ የኔ ወደ ትርንጎ አለኝ፣ ስፒከሩ አልጮኽም አለ፣ ሙሽራዋ አልነሣም አለች።»

ስንሻው ጉርሻውን ዋጠ። «እኔም ወደ ጋሼ ጠቁሜ ነው የተውኩት። ባለቤቱ ዘንድ ካለ እኔ ምን አስጨነቀኝ?»

ይኼኔ የሙሽራዋ አጎት ትዕግሥታቸው አለቀ። «በይ ተነሺ፣ እኔ እልል ልበልልሽ!» ብለው ሞከሩት። የጎረቤት ውሻ መለሰላቸው፤ ውዳላት ግን ንቅንቅ አላለችም።

ሙሉሰው ለስቱዲዮው ባለቤት ለጋሽ ቢያድግልኝ ደወለ። «ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! የስንሻው ወደ እርስዎ አለኝ፣ የትርንጎ ወደ ስንሻው አለኝ፣ የኔ ወደ ትርንጎ አለኝ፣ ስፒከሩ አልጮኽም አለ፣ ሙሽራዋ አልነሣም አለች!»

«ውይ!» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። «እሱንማ ዲስኩን ሳጸዳ አጠፋሁት። ሁላችሁም ዘንድ አለ ብዬ!»

ሙሉሰው ስፒከሩ ላይ ዘጭ አለ። ሁሉም ሌላው ዘንድ አለ ያለው ነገር ማንም ዘንድ የለም። የወይዘሮ ዘርፌ ድምፅ ሌላ ቦታ አልተቀረጸም። ይህን ለዚያች ልጅ ምን ብሎ ይንገራት? እንባው መጣ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ጋሼ። «እኔ እኮ ሳላስጠምቅ አልተውም። አዲስ ፋይል ሲመጣ ‹ኤል ኤን› ብዬ ያለ ‹ኤስ› ሁለተኛ ስም አወጣለታለሁ። ያ ስም ጠቋሚ አይደለም፤ ዕቃውን ራሱን የያዘ ነው። የክርስትና ስም በለው። ቢያድግልኝ የሚለው ስሜ ቢጠፋ ኃይለ ሚካኤል ሆኜ እኖር የለም?»

«ታዲያ የእልልታው የክርስትና ስም ማን ነው?»

«እሱን ረሳሁት። የማወጣው በዕለቱ ታቦት ነው። የክርስትና ስሞቹ ያሉበት ፎልደር ደግሞ የጥምቀት ሕዝብ ነው፤ በዓይን አይለይም። ሠርጉ መቼ ነበር?»

ሙሉሰው እየሮጠ ሙሽራዋ ዘንድ ገባ። «እትዬ ውዳላት፣ የጋሼ ጠፋ፣ የስንሻው ወደ ጋሼ አለኝ፣ የትርንጎ ወደ ስንሻው አለኝ፣ የኔ ወደ ትርንጎ አለኝ፣ ስፒከሩ አልጮኽም አለ፣ አንቺም አልነሣም አልሽ። የእኅትሽ ሠርግ መቼ ነበር?»

«ጥር ሃያ አንድ ነዋ፣ አስተርእዮ ማርያም!» አለች። «እንዴት ይረሳል?»

«እንግዲያ ወለተ ማርያም ናት» አሉ ጋሼ በስልኩ። «በል፣ ‹ኤል ኤን› ብለህ የዱሮ ስሟን እኔው ፎልደር ውስጥ መልስላት። ‹ኤስ› እንዳትነካ!»

ሙሉሰው ጻፈ። ወለተ ማርያም የዱሮ ስሟን አገኘች፣ የስንሻው ጋሼን አገኘ፣ የትርንጎ ስንሻውን አገኘ፣ የሙሉሰው ትርንጎን አገኘ፣ ፋይሉ ተከፈተ፣ ስፒከሩም ጮኸ፦

«እልልልልልል!»

ወይዘሮ ዘርፌ እልልታውን ጨርሰው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «እመቤቴ፣ የውዳላቴንም አሳዪኝ!» አሉ።

ውዳላት የጠበቀችው ይህችን ቃል ነበር። ቬሏን ገለጥ አድርጋ እንባዋን ጠረገች። «ይኸው እማዬ» አለች፤ ተነሣችም።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ለጎረቤትም አውጉት። «እነእንትና ዘንድ አለ» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ።