የጥድ አምባ በርና የጓንጉል ጉርሻ

ተረት ተረት!

የመሠረት!

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብስብ።

በድሮ ዘመን ጥድ አምባ የሚባል አገር ነበረ። ዙሪያው ገደል ነው፤ መግቢያው አንድ በር ብቻ። በሩን የሚጠብቀው ሻረው የሚባል ሰው ነበረ። ለእንግዳ የሚከፍተው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሕጉም፦ እንግዳ የሚገባው ከእጁ የጎረሰ የአምባ ሰው ዋስ ሲሆነው ነው፣ ይላል።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። የአምባ ሰው ዋስ ከሌለው እንግዳ እጅ አይጎርስም፤ ነውር ነው። ሁለቱ ሕጎች እንደሚጣሉ ማንም ልብ አላለም። ለምንስ ይበል? ሁሉም እዚያው ተወልዷል፤ በሩን የሞከረ የለም።

አንድ ዓመት፣ ግንቦት ሲያልቅ፣ እናንየ የምትባል ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣችና ከበሩ ሥር ተቀመጠች። ቅዳሜ መጣ፤ ዋስ የለም። ሌላም ቅዳሜ መጣ፤ ዋስ የለም። ዝናቡ እየቀረበ ነው። ትንሿ ልጅ ማሳል ጀመረች።

የአምባው ሽማግሌ አያ ጓንጉል ግን ከላይ ሆኖ ይስቃል።

፦ የጤፋችንን ወሬ ሰምታ ነው የመጣችው! ሕጉ ደግሞ ቀላል ነው። ተራ ጠብቆ መግባት ነው እንጂ ምን አለው?

ሚስቱ ባንቺአምላክ ምላሰ ስለታም ነበረችና፦

፦ ቀላል ከሆነ እስቲ አንተ ወጥተህ ግባ! አለችው።

፦ እንዴታ! አለና አርብ ወጣ። ሻረውንም፦ እንደ እንግዳ ቁጠረኝ፣ አለው።

በነጋታው ሕዝቡ ለማየት ግልብጥ ብሎ መጣ።

፦ ዋስ አለህ? አለ ሻረው።

፦ ሚስቴ አለች!

፦ ባንቺአምላክ፣ ከእጁ ጎርሰሽ ታውቂያለሽ?

፦ ከእሱ እጅ? እንኳን በሌላ ቀን፣ በሠርጋችንም አላጎረሰኝ!

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጓንጉል ስስታም ነበረና ከእጁ የጎረሰ ሌላ ሰውም ጠፋ። በሩም ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

ሲመሽ ሆዱ ጮኸ። እናንየ ለልጆቿ በሶ እያሸች ነበረ።

፦ አባቴ፣ ይጉረሱ፣ አለችው።

፦ ዛሬስ እኔም እንግዳ ነኝ፣ አለና ጎረሰ። ከዚያም፦ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጤፋችን ነው ያስመጣሽ?

፦ ጤፍ እንዳላችሁ የሰማሁት እዚህ ደርሼ ነው። የእኛ አገር ተራራ ተናደ። ቤቴን፣ ማሳዬን፣ ባሌንም ወሰደው። ባይናድ ኖሮ የእናንተን ገደል ምን ልሠራበት እወጣዋለሁ?

ጓንጉል አፈረ። አፍሮም ሌላ ጎረሰ።

ሳምንት ሙሉ በሶዋን ሲጎርስ ከረመ። ቅዳሜ ሲሆን ባንቺአምላክ ከበሩ ወጣችና አፏን ከፈተች። ጓንጉልም ከእናንየ በሶ ቆንጥሮ አጎረሳት።

፦ ነውር ነው! አለ ሻረው። ዋስ ከሌለው እንግዳ እጅ?

፦ ባሌ ነው! ሠላሳ ዓመት የዘገየ ጉርሻዬን ማን ይከለክለኛል? ዋሱም እኔ ነኝ!

ሻረውም በሩን ከፈተ። ሕዝቡም፦

፦ ይኸው፣ አያ ጓንጉል፣ ገብተሃል። ሕጉ ቀላል ነው ብለህ አልነበረም? አሉት።

ጓንጉል ግን ገባ ብሎ ከደጃፉ አልተነቃነቀም።

፦ እኔ የገባሁት ሚስት ስላለችኝ ነው። እናንየስ ማን አላት?

ሰው ሁሉ ወደ እናንየ ዞረ። ጓንጉልም ቀጠለ፦

፦ ሳምንት ሙሉ ከእጇ ጎርሻለሁ። የጎረስኩትም እንግዳ ሆኜ ነውና ነውሩ አይነካኝም። ዋሷ እኔ ነኝ!

ሻረው ራሱን አከከ፤ አሰበ። ከዚያም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እናንየ ልጆቿን ይዛ ገባች። ባንቺአምላክም የምታስለዋን ልጅ አቅፋ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ፤ ከበሩ ሥር ግን ማንም አልነበረም።

ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ያን የነውር ሕግ ሻሩት። ጓንጉልም ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከበሩ ውጭ ይቀመጥና የመጣውን እንግዳ ሁሉ፦ ና፣ አጉርሰኝ! ይለዋል። በዚያው ሆዱ ከበሮ አከለ።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ። አፌንስ በምን ታብሱታላችሁ? ያ ዳቦ ለነገ የተደበቀ ከሆነ፣ ለነገ እኔም ተረት የለኝ!