የጋጣው ትንፋሽ

አንድ ባላምባራስ ይመኑ የሚባሉ ባላባት ነበሩ። በጉብዝናቸው ዘመን ዳማ ፈረሳቸውን ሲጋልቡ ይውሉ ነበር። ሹመት ሲመጣ ግን ግልቢያው ቀረ። ባላምባራስ ከወንበራቸው፣ ዳማው ከጋጣው የማይወጡ ሆኑ። ፍቅራቸው ግን አልቀነሰም፤ ለጌታው ጮማ በቀረበ ቁጥር ለፈረሱም ገብስ ይሰፈርለታል።

ሁለቱም ወፈሩ። እንግዳ ሁሉ፣ «እንዴት ተመችቶዎታል! ፈረስዎም እንደ እርስዎ ወዝ በወዝ ሆኗል» ሲላቸው ደስ ይላቸዋል። እግራቸውን እንደ እሳት እንደሚያቃጥላቸው፣ ጥማቸውም በውሃ እንደማይቆርጥ ግን ለማንም አልተናገሩም።

አንድ ቀን ዳማው መቆም አቃተው። ከብት በማከም የሚታወቁት ሽማግሌ አያ ሙጬ ተጠርተው መጡ። ሰኮናውን ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ፤ ይፋጃል።

«ገብሱን ይተዉለት፤ ድርቆሽ ይብቃው። እግሩ ሲሻለው ደግሞ ቀስ እያለ ይራመድ» አሉ።

«እኔ ቤት ፈረስ ይራብ?»

«እየገደለው ያለው ጥጋቡ ነው፣ ጌታዬ።»

ባላምባራስ ተቆጥተው ሽማግሌውን አሰናበቱ። በዚያው ቀን ገብሱ ተጨመረ።

ጋጣውና አዳራሹ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ከዚያ ወዲያ በቀትር፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከባድ ትንፋሽ ይሰማቸው ጀመር። ያፏጫል፤ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ከቆይታ በኋላ እንደገና ይጀምራል።

«ስንዱ፣ ይሰማሻል?» ሲሉ ሚስታቸውን ጠየቁ።

ወይዘሮ ስንዱ አቀረቀሩ። «መስማት ከጀመርኩ ከረምኩ» አሉ። ተነሥተውም ወደ ጓዳ ገቡ።

አንድ ቀትር ላይ ትንፋሹ ከወትሮው በረታ። ባላምባራስ ግድግዳውን እየተደገፉ ጋጣው ገቡ። ዳማው በጎኑ ተጋድሟል። በጨለማው ውስጥ ትንፋሹ ይጎተታል።

«አይዞህ ወንድሜ፣ መጥቻለሁ» ብለው አጠገቡ ተቀመጡና መዳፋቸውን አፍንጫው ላይ አሳረፉ።

አፍንጫው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዝንቦች በዓይኑ ላይ ይመላለሳሉ፤ ዓይኑ አይርገበገብም። ዳማው ከሞተ ቆይቷል።

ትንፋሹ ግን አልቆመም። ጋጣውን ሞልቶ ያፏጫል። ባላምባራስ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ማንም የለም። ቀስ ብለው አፍና አፍንጫቸውን በእጃቸው ከደኑ።

ጋጣው ጸጥ አለ።

አያ ሙጬ ሬሳውን ለማስወጣት ሲመጡ ባላምባራስን እዚያው ተቀምጠው አገኟቸው።

«እኔስ፣ አያ ሙጬ? ዘግይቻለሁ?»

ሽማግሌው ፈረሱ የታሰረበትን ገመድ ከጋጣው ምሰሶ ፈቱ። «እሱ ይህን መፍታት አይችልም ነበር» አሉ። «በእርስዎ አንገት ላይ ግን ገመድ አላየሁም።»

በማግስቱ ባላምባራስ የወይዘሮ ስንዱን ትከሻ ተደግፈው እስከ አጥሩ በር ተራመዱና ደክመው ተቀመጡ። በሳምንቱ በሩን አለፉ። ማዕዳቸውን ቀነሱ። እግራቸውን ሲያቃጥል የኖረው በሽታ አንድ ጣታቸውን ወሰደባቸው፤ ነፍሳቸው ግን ተረፈች። ዓመት ሲሞላ ገበያ ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

ወዳጆቼ፣ መብላት በረከት ነው፤ ወፍራም ሰውም መሳቂያ አይደለም። ነገር ግን የምንወደውን ሰውም ሆነ እንስሳ አስሮ መቀለብ ፍቅር አይሆንም። የሚያሞግስ እንግዳ ሞልቷል፤ በጊዜ ደፍሮ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እርስዎስ የሚወዱት ሰው ሲታመም እያዩ፣ ቅር እንዳይለው ብለው ዝም የሚሉት እስከ መቼ ነው?